ተታልለን የምንሰማው ዘፈን

እ.ኤ.አ. በ1987 የ21 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሪክ አስትሊ «ኔቨር ጎና ጊቭ ዩ አፕ» በተሰኘው ዘፈኑ የብሪታንያን የሙዚቃ ሰንጠረዥ ለ5 ሳምንታት መራ፤ በዓመቱ ደግሞ አሜሪካ ላይ አንደኛ ወጣ። የዘፈኑ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ወጣት ለሚወዳት መቼም እንደማይከዳት ይምላል። ለጭፈራ የተመቸ፣ ለጥልቅ ትርጓሜ ግን እምብዛም ያልታሰበ ሥራ ነበር ብንል በደራሲዎቹ ላይ ግፍ የምንሠራ አይመስለኝም። ዘፋኙ በ1993 ከሙዚቃው ዓለም ራሱን አገለለ፤ ዘፈኑም እንደ እኩዮቹ የትዝታ ሆነ።

መልሶ የቀሰቀሰው አድናቂ ሳይሆን ተንኮለኛ ነው። በ2007 ፎርቻን በተባለው ድረ ገጽ የሚውሉ ሰዎች፣ ብዙዎች በጉጉት ይጠብቁት የነበረውን የግራንድ ቴፍት ኦቶ 4 ጌም ማስታወቂያ የሚያሳይ የሚመስል ሊንክ ለጠፉ፤ ሲጫኑት የሚከፈተው ግን የሪክ አስትሊ ቪዲዮ ነው። ቀልዱ «ሪክሮሊንግ» የሚል ስም ወጣለት። በ2008 ዩቲዩብ ራሱ በኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት በፊት ገጹ የመረጣቸውን ቪዲዮዎች ወደዚሁ ዘፈን መራቸው።

እንግዲህ እናስብ። የዘፈኑ አንድ ቃል አልተለወጠም፤ ዜማውም ያው ነው። የተለወጠው ወደ እርሱ የምንደርስበት መንገድ ነው። ቀድሞ እኛ መርጠነው፣ ወይም ሬዲዮ መርጦልን እንሰማው ነበር፤ አሁን ሌላ ነገር ፍለጋ ስንሄድ መንገድ ላይ ይጠብቀናል። በዚህ አኳኋን ሲደርሰን መሐላው ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል፦ አታሎ ካመጣን እጅ፣ ከቶ እንደማንታለል የሚምል ድምፅ እንሰማለን። እንደ እኔ ግምት የቀልዱን ዕድሜ ያረዘመው ይህ ተቃርኖ ነው። (የዚያ ቀጭን ልጅ ድምፅ ከመልኩ በላይ መጎርነኑም የበኩሉን ሳያግዝ አልቀረም።) በቅኔያችን ወርቁን በሰሙ ውስጥ የሚሰውረው ባለቅኔው ነው፤ እዚህ ግን ሰሙን ሌሎች ሠርተው ትተውት፣ ወርቁን ከ20 ዓመት በኋላ የማያውቋቸው ሰዎች አስገቡበት። ታዲያ ይህ ትርጉም የዘፈኑ ነው ወይስ የቀልደኞቹ? ከመነሻው መሐላ ባይኖር የሚፈርስ መሐላም አይኖርም ነበርና፣ ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ነው ማለት ይከብዳል።

ነገሩ መሳለቅ ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አጀማመሩ እንዲያ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን በ2008 በኒው ዮርኩ የሜሲስ የምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ ሪክ አስትሊ ራሱ ድንገት ብቅ ብሎ ሲዘፍን፣ የተቀለደበት ሰው የቀልዱ ባለቤት ሆነ። በ2021 ቪዲዮው በዩቲዩብ ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ ስንቱ ወዶ፣ ስንቱ ተታልሎ እንዳየው ቁጥሩ አይለይም፤ ምናልባትም ልዩነቱ ራሱ እየደበዘዘ ሄዷል። በ2023 በግላስተንበሪ ፌስቲቫል ሲዘፍን የተቀበለው ሕዝብ በማንም ላይ እየሳቀ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለደ ወጣት መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከቀልዱ ጋር ይመስለኛል። ለእርሱ ነባሩ ትርጉም ቀልዱ ነው፤ የፍቅር መሐላው ምናልባት በኋላ የሚደርስበት፣ አዲሱ ትርጉም ሊሆን ይችላል።