ድግሱን ወደ ዳግም ትንሣኤ ግፉት

ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ ባሕር ዳር ላይ አዲስ ጎጆ ወጥታችሁ ወይም የወላጆቻችሁን ግቢ ተረክባችሁ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፋሲካ ሰው ለመጥራት ያሰባችሁ፣ ምክሬን ከድስቱ ሳይሆን ከቀኑ ልጀምር። የትንሣኤን እሑድ ከቤተሰባችሁ ጋር ዋሉበት። እንግዳ የምትጠሩበትን ቀን ግን ወደ ሳምንቱ እሑድ፣ ወደ ዳግም ትንሣኤ ግፉት። ኪሱ ለሳሳ ደጋሽ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም፤ ሌላው ሁሉ ይህን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ቀዳም ሥዑር የሚውለው በገበያ ቀን ነው። የዚያን ዕለት ከተማው በሙሉ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይከትማል። 55 ቀን ታፍኖ የቆየው ፍላጎት በአንድ ጠዋት ይለቀቃል፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ በግ። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በዚያ ቀን ዶሮ የሚገዛ ሰው የዶሮውንም የጥድፊያውንም ዋጋ አንድ ላይ ነው የሚከፍለው። ሳምንት ታግሳችሁ ወደዚያው ገበያ ብትመለሱ ሻጩ ራሱ እየጠራ ያከራክራችኋል።

ደግሞ እስቲ የእሑዱን እንግዳ አስቡት። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ዶሮ ሲጮህ ተመልሶ፣ ሆዱን በተልባ አለስልሶ በዶሮ ወጥ ገድፏል። ረፋድ ላይ ከእናቱ ቤት፣ ቀትር ላይ ከአማቶቹ ቤት ቀምሷል። እናንተ ጋ ሲደርስ አራተኛውን ዶሮ ወጥ ታቀርቡለታላችሁ። እሱም እንዳይከፋችሁ ብሎ ይጎርሳል። ተበድራችሁ ያበሰላችሁት እንግዲህ ለዚህ የይሉኝታ ጉርሻ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ደስታውን በአንድ እሑድ አልወሰነችውም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የመጀመሪያው ሳምንት ዕለታት እያንዳንዳቸው ስም ወጥቶላቸዋል፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት። ከዚያ ዳግም ትንሣኤ ይመጣል። አባቶች ይህን ሁሉ ቀን የሰጡን በአንዱ እሑድ ቆሽታችን እስኪያር እንድንሯሯጥ አይመስለኝም። «ሰው ምን ይለናል?» ለምትሉ፣ ሰው በእሑዱም ማለቱ አይቀርም። የዶሮው ወጥ ቀጠነ ከሚላችሁ «ደግሞ ለዳግም ትንሣኤ ጠሩን» ቢላችሁ አይሻልም?

ቀኑን ከገፋችሁ በኋላ የሚቀረው ሥራውን ቀድሞ መጀመር ነው። ገንዘብ የጎደለውን ቦታ ጊዜ ይሞላዋል። ጠላ ይህን ያሳያል። ቤት የሚጠመቅ ጠላ ከጥንስሱ ጀምሮ እስኪጠልል ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለዳግም ትንሣኤ የሚጠጣውን ጠላ ለመጠንሰስ የሆሣዕና ማግስት ልክ ነው። ብቅሉ የግድ የገብስ ይሁን አትበሉ፤ በእኛ አገር የዳጉሳ ጠላ ነውር ሆኖ አያውቅም። ጌሾውንና ቡናውን የዘጌ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ከእሱ አስመጡ። ዘጌ ሞፈር የማይገባባት ምድር ናት፤ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርሰው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ተብሎ ይተረካል። የድግስ ጓዳ ግማሹ ከአንድ በትር መውጣቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ቅቤ የሚገዛው በጾሙ እኩሌታ፣ አብዛኛው ሰው ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ነው። በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራችሁ ብታስቀምጡት ምንም አይሆንም። ሽንኩርትም እንደዚያው። የፎገራ የመስኖ ሽንኩርት በበጋ ከማሳ ሲወጣ ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ በኩንታል ገዝታችሁ ተካፈሉ። ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስጡት እንጂ በማዳበሪያ ከረጢት አፍናችሁ አታስቀምጡት። አንድ ዶሮ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የዶሮ ወጥን ዋጋ የሚያንረው አንዳንዴ ዶሮው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው።

ሥጋን በተመለከተ ቅርጫ ግቡ። ባሕር ማዶ የሄዱት ልጆቻችን እንኳ አሜሪካ ላይ ከገበሬ ከብት ገዝተው ይካፈላሉ፤ እናንተ እዚሁ ሆናችሁ ልኳንዳ ቤት የምትሰለፉበት ምክንያት አይገባኝም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ የበሬ እቁብ ሲጥሉ፣ በበዓሉ ሰሞን ከደመወዝ የሚወጣ ነገር አይኖርም። በሬው በጾሙ ወቅት ይገዛል፣ የትንሣኤ ማለዳ ይታረዳል፣ መደቡ በዕጣ ይወጣል። አሁን ነው ብልሃቱ። ከመደባችሁ ለእሑድ የሚበቃችሁን ጥሬና ጥብስ አስቀሩና ቀዩን ሥጋ ዘልዝሉት። በሚያዝያ ሙቀት ባሕር ዳር ላይ ቋንጣ ሳምንት ሳይሞላው ይደርቃል። ለዳግም ትንሣኤ እንግዳ የቋንጣ ፍርፍር በደረቅ እንጀራ ስታቀርቡ፣ ከአንድ መደብ ሁለት ግብዣ አወጣችሁ ማለት ነው። የተረፈው እንጀራም ደርቆ አይጣልም።

የማዕዱን ዋና ግን ዓሣ አድርጉት። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው፤ የሚበላው ሰው ግን ብዙ ነው፣ በጾሙ ወራትም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ጣና ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ትንሣኤ ሲደርስ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ሥጋ ያዞራል። ዓሣ አስጋሪው መረቡን መጣሉን አይተውም፤ የሚያጣው ገዢ ነው። በዚያ ሳምንት የሚገዛ ሰው በሽሚያ ነው የሚስተናገደው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዋጋ ይበልጥብኛል። በባሕር ዳር ግቢ ውስጥ አጥሩን የሚጋራን ሙስሊም ጎረቤት አለ። እሱ የእኛን ዕርድ አይበላም፣ እኛም የእሱን። የድሮ ሰው ይህን የሚፈታው በግ ወይም ዶሮ ከነሕይወቱ ሰጥቶ፣ ራሱ ባርኮ እንዲያርድና በተለየ ድስት እንዲበስል አድርጎ ነበር። መልካም ወግ ነው፤ ግን ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጪ፣ ሁለት ገበታ ነው። ዓሣ ላይ የዕርድ ጥያቄ የለም። ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። ጣናን በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ የኖሩት የወይጦ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ የእነሱን ዓሣ ስንበላ ኖረናል። በአንድ ማዕድ ለመሰብሰብ ከዚህ የቀረበ ምን አለ? አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የዓሣው ድስትና ቢላ ሥጋ ያልነካው ይሁን፤ ጎረቤታችሁ ሲጠራም ይህን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፣ መጠየቁ ያሳፍረዋልና። ለእሱና ለልጆች ጠላ የለም፤ ብርዝ በጥብጡ። የጎጃም ማር ባለበት አገር ለበዓል ለስላሳ በሳጥን መግዛት ማርን መናቅ ነው።

ገዝታችሁ ስትመጡ እንዳትሸወዱ። ዓሣ በማለዳ ይገዛል፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ያህል ነው። 6 ኪሎ ገዝታችሁ 6 ኪሎ እንደምታቀርቡ አድርጋችሁ እንግዳ ብትጠሩ ታፍራላችሁ። ለጉላሽና ለዱለት አምባዛ ይበጃል፣ ሥጋው ይበዛልና። ሙሉውን ዓሣ ዘይት ውስጥ ከትቶ መጥበስ ለሐይቅ ዳር ምግብ ቤቶች ይቅርላቸው፤ ዘይት ይፈጃል። በቲማቲምና በቃሪያ የተሠራ የዓሣ ወጥ ትንሽ ዘይት ይበቃዋል፣ ብዙ እንጀራም ያስኬዳል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ፤ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ቀቅላችሁ እንግዳ እንደገባ በሲኒ ሾርባ ብታቀምሱት ግማሽ ጠገበ ማለት ነው። እንጀራውም ንጹሕ ጤፍ ይሁን ብላችሁ አትጨነቁ፤ የፎገራ ሩዝ ዱቄት የገባበት እንጀራ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ትኩሱን ካቀረባችሁት ማንም አይለየውም። ሲያድር ግን ይደርቃልና የዚያኑ ቀን ጋግሩት።

ስለ ግቢው ብዙ አልልም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም፤ ይህ ማለት የከተማችን ሐሩር የሚበረታበት ወቅት ነው። ጥላ ከሁሉም ነገር ይቀድማል። ማንጎ ያለው ግቢ ድንኳን አያስፈልገውም። ማንጎ የሌላችሁ ከእድራችሁ ድንኳንና አግዳሚ ጠይቁ፤ እድር ለሐዘን ብቻ የተቋቋመ አድርጋችሁ አትዩት፤ በብዙ ሰፈር ሳህኑንና ድስቱን ለአባሉ በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። መሬቱን ከማለዳው ውኃ ርጩበትና ከሐይቁ ዳር የታጨደ ቄጠማ ጎዝጉዙ። በየፊኛውና በየሪባኑ የምታወጡት ገንዘብ ግን ያናድደኛል፤ ለፎቶ የሚሆን ጀርባ ከፈለጋችሁ ማንጎው አለላችሁ።

ሰዓቱን ከቀኑ 7 ሰዓት አድርጉት፣ ለ11 ሰዓት ተኩል ቡናው ሦስተኛው ላይ ይድረስ። ሲመሽ መብራት ይጠፋል፣ ትንኝ ይነሣል፤ ወባ በኛ አገር ተረት አይደለችም። እንግዳም ባጃጅ ሳያጣ፣ መንገድም ሳያስፈራው በብርሃን ቤቱ ይግባ። በዚህ ዘመን ይህ ራሱ አንድ መስተንግዶ ነው።

«ምን ይዘን እንምጣ?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ሰው «ምንም፣ ኧረ በባዶ እጃችሁ ኑ» እያላችሁ አትመልሱት። አክፋይ የተባለው ወጋችን ምን ነበር? ልጅ ለወላጁ፣ አማች ለአማቱ ዳቦና ጠላ አስይዞ መሄዱ አይደለም? ስለዚህ አንዷ ድፎ ዳቦ በኮባ ጋግራ ትምጣ፣ አንዱ ከሰል ያምጣ፣ አንዷ ጀበናና ሲኒ ታምጣ። አስቀድማችሁ ተከፋፈሉት፤ አለዚያ አምስት ዳቦ መጥቶ ጨው የሚሰጥ ይጠፋል።

ብድርን በሚመለከት ቃሌ አጭር ነው። ለዕቃ፣ ለሥራ፣ ለትምህርት ተበደሩ። ለሚበላ ግን አትበደሩ። ገንዘባችሁ ለ15 ሰው ከበቃ 15 ሰው ጥሩ፤ ስማቸውን ጽፋችሁ ያዙ። በዚህ ዓመት ያልጠራችሁት ሰው ካለ ከሃምሳው ቀን በአንዱ ቡና አፍሉለት፤ ገና ጊዜ አላችሁ።

እንግዳው ሲሸኝ ጋኑን አትድፉት። አተላው ላይ ውኃ ጨምሩበት። ሰኞ ማታ ቅራሪ ይሆናል፤ የእድሩን ሳህን አጥበው ለሚመልሱላችሁ ወጣቶች በጣሳ ስጧቸው። ሳህኑንም ቆጥራችሁ መልሱ፤ የጎደለ ካለ ጸሐፊው ሳይጠይቃችሁ ተክታችሁ ውሰዱ፣ ሌላውም ይፈልገዋል።