የጎደለችው ካርድ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የሲጋራ ነጋዴዎች ግን ይህን ተረት ከሻሩት ቆይተዋል።

በ1880ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ ሲጋራ በስስ ወረቀት ፓኮ ይሸጥ ነበር። እንዳይጨፈለቅ ታዲያ አንዲት ጠንከር ያለች ካርቶን ትገባበታለች። ነጋዴዎቹ ባዶዋን ከምትገባ ብለው ሥዕል አተሙባት፤ ተዋናይት፣ ቦክሰኛ፣ የቤዝቦል ተጫዋች። የሪችመንዱ አለን ኤንድ ጊንተር ኩባንያ «የዓለም ሻምፒዮኖች» ብሎ 50 ካርዶች አወጣ። በፓኮው ውስጥ የትኛው እንደሚወጣ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ማሽን መጥቶ ነዋ! ጄምስ ቦንሳክ በ1881 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ማሽን በቀን ከ100 ሺህ በላይ ሲጋራ ይጠቀልላል፤ ጎበዝ የእጅ ሠራተኛ ግን ከጥቂት ሺዎች አያልፍም። ሲጋራው ከአጫሹ በዛ። ስለዚህ ፍላጎትም መመረት ነበረበት።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው የተከለብኝ ፍላጎት የእኔ ነው ወይ?

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። እውነትም፣ ስንቱ የእንግሊዝ ልጅ መርከቡንና ወፉን ያወቀው ከትምባሆ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ በለመነው ካርድ ነው። ደግሞስ ከሌላ ያልተማርነው ፍላጎት የቱ ነው? ቡናውንስ ያስለመደችን እናታችን አይደለችም?

እኔ ግን አንድ መለያ አለኝ። የእውነት ረሃብ ሲበሉ ያልፋል፤ የካርድ ረሃብ ሲበሉ ይብሳል። አንድ ካርድ ያለው ሰው ተኝቶ ያድራል። እንቅልፍ የሚያጣው 49 ያለው ነው። ሲጋራውስ ቢሆን ጠባዩ ይኸው አይደል?

ከ1909 እስከ 1911 በወጣው ስብስብ ውስጥ የቤዝቦሉ ጀግና ሆነስ ዋግነር ካርድ ጥቂት ታትሞ ቆመ። አንዳንዱ «ልጆች በእኔ ሰበብ ትምባሆ አይግዙ ብሎ ነው» ይላል፤ ሌላው «ክፍያው አንሶት ነው» ይላል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ነገሩ ያሳዝናል። ምክንያቱም «አይሸጥብኝ» ማለቱ ራሱ ሸቀጥ ሆነ፤ በ2022 አንዷ ካርድ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

ዛሬ ስልክ የምንቀይረው፣ ሶፋ የምንለውጠው እኛም በየቤታችን ካርድ ሰብሳቢዎች ነን። 49ኙን አናያቸውም። እስቲ አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎ የጎደለች ካርድ የትኛዋ ናት? ለመሆኑስ ማን ነው ያጎደላት?