የሁለት ጎረቤታሞች ጎመን

በተፍኪ፣ ክረምቱ ወጥቶ አዋሽ ከሜዳው ሲሸሽ፣ በዳርቻው በሞተር ውሃ ጎመን የሚያለሙ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንዱ ጎልማሳ፣ ሌላዋ ባልቴት። ጥር ላይ ክሽክሽ ገባ። ቅጠሉ ተጨማደደ፤ ጀርባውም አመድማ በሆኑ ጥቃቅን ነፍሳት ተሸፈነ።

ጎልማሳው ፀረ ተባይ ገዝቶ፣ ከታዘዘው አብዝቶ በጥብጦ ረጨ። በማግስቱ ክሽክሹ ረግፎ ተገኘ።

«እትዬ፣ ምን ይጠብቃሉ? ጎመንዎ እኮ አለቀ!» አላቸው።

ባልቴቷ አንድ ቅጠል ገልብጠው አሳዩት። በክሽክሹ መሐል ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያላት ጥቁር ትል ትርመሰመሳለች። አንዱን ይዛ መጠጠችው፤ ቅርፊቱን ጥላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«የጥንዚዛ ልጅ ናት። እኔ የባሰበትን ቅጠል ቆርጬ እቀብራለሁ፤ በቀረው ላይ የሳሙና ውሃ እረጫለሁ። እሷ ያለችበትን ግን አልነካም» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ የጎልማሳውን ማሳ ክሽክሽ መልሶ ወረረው። ደግሞ ረጨ፤ ደግሞ መጣ፤ ከፊተኛውም ባሰ። የባልቴቷ ጎመን እዚህም እዚያም ቢጨማደድም ለገበያ ደረሰ።

ሴት ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጇም በሳምንት ገደማ ወላጅ ትሆናለች። ጥንዚዛ ግን ከእንቁላል ተነሥታ እስክትደርስ ወር ያህል ይፈጅባታል። መርዙ ሁለቱንም ሲፈጅ ቀድሞ የሚያገግመው ክሽክሹ ነው፤ በዚያ ላይ ከርጭቱ የሚተርፈው መድኃኒቱን የቻለው ስለሆነ ዘሩም ይችለዋል። ገበሬው በገዛ ገንዘቡ ጠባቂዎቹን ይገድላል ማለት ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። በአርባ ምንጭ አካባቢ ጥጥ አምራቾች ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው በተቃራኒው መንገድ ሄደዋል፤ ከበቆሎ የተዘጋጀ ምግብ በጥጡ ላይ እየረጩ ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን ወደ ማሳቸው ይስባሉ።

ኬሚካል ጨርሶ አይነካ አልልም፤ መጨረሻ ላይ ይምጣ እንጂ። ግድ ሆኖባችሁ ከረጫችሁም መጠኑን አትለፉ፤ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ሲመሽ ርጩ። ከርጭቱ በኋላ እንዲጠበቅ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ ጎመኑን ለገበያ አታውጡ። መርጫውን አዋሽ ውስጥ አትጠቡ፤ ከታች የሚጠጣው ሰው አለ። ባዶውን ዕቃም ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ አታድርጉት።