ለዜማው ማን ይክፈል?

ጎጃም ውስጥ የቅኔ ሰው ገና አንድ ቤት እንኳ ሳይቀኝ ይከፈለው ነበር። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ ተማሪ ከደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የቤቱ እመቤት ልጁ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ፣ ነገ ሊቅ ይውጣው ወይስ በመንገድ ይቅር ብላ አትመረምርም። ቁራሽ እንጀራ ወይም ጭብጥ ቆሎ ትሰጠዋለች። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ተብለው ከሚታወቁት የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ የጎጃም ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ከየአገሩ ተማሪ ሲስቡ ኖረዋል። አድባራቱ መሬት ቢኖራቸው እንኳ ተማሪውን በሕይወት ያቆየው ያ ቁራሽ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩ ሰው ነበሩና፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ባለታሪኩን በዛብህን ከማንኩሳ አንስተው ዲማ ያደረሱት ከሚያውቁት ሕይወት ቀድተው ነው።

ሰጪዋ ያንን ቅኔ ምናልባት ፈጽሞ አትሰማውም። ብትሰማውም በግእዝ ነውና ምሥጢሩ ላይገባት ይችላል። ደግሞም በቅኔ ቤት ሥርዓት የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም። ለዕለቱ ማኅሌት የቀረበ ጉባኤ ቃና ወይም መወድስ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያበቃል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበም ያፍራል። እንግዲህ ሴትዮዋ የከፈለችው ለአንድ ዜማ አልነበረም። የከፈለችው ዜማ የሚያውቅ ሰው በአገሩ እንዳይጠፋ ነው።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አውቶቡስ የሚጠብቅ ወጣት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበገና ወደ ሠርግ ዘፈን፣ ከሠርግ ዘፈን ወደ ናይጄሪያ ሙዚቃ ሊሻገር ይችላል። ከኢንተርኔት ሂሳቡ በቀር የሚያወጣው ነገር የለም፤ እሱም የሚገባው ለቴሌኮም ኩባንያው ነው። ይህ ወጣት ለዜመኛው ዕዳ አለበት? ጥያቄው የሕግ ብቻ ቢሆን በአዋጅ በተዘጋ ነበር። የሃይማኖትም ጥያቄ በመሆኑ ግን፣ በተለይ ስለ መዝሙር ሲነሳ፣ በምእመናን መካከል ሁለት መልስ ይሰማል።

አንዱ ወገን መዝሙር ጸጋ ነው፣ ጸጋም አይሸጥም ይላል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በነጻ የተቀበሉትን በነጻ እንዲሰጡ ማዘዙን ያስታውሳል። ስለዚህ መዝሙር ከስልክ ወደ ስልክ ቢላክ ወንጌል ተሰራጨ እንጂ ማንም አልተሰረቀም። ሌላው ወገን ደግሞ ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋል የሚለውን ቃል ያነሳል። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ንግግር እየጠቀሱ እንደሚከራከሩ ልብ የሚል ጥቂት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በነጻ ስለ መስጠት የሚናገረው ቁጥር 8 ሲሆን፣ ሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው የሚናገረው ቁጥር 10 ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም መልእክተኞቹ ለመንገድ ገንዘብ እንዳይቋጥሩ የሚከለክል ነው።

ትእዛዙ ለማን እንደ ተነገረ ማየት ነገሩን ይፈታል። በነጻ እንዲሰጥ የታዘዘው ሰጪው ነው። ተቀባዩ በነጻ እንዲወስድ ማንም አላዘዘውም። መልእክተኛው ስንቅ ሳይዝ የሚወጣውም የሚቀበለው ቤት እንዳለ ታስቦ ነው። ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 9 በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር የሚያዘውን የኦሪት ሕግ ጠቅሶ የአገልጋዩን መብት ካጸና በኋላ፣ እሱ ግን በዚህ መብት እንዳልተጠቀመ ይናገራል። መብቱን የተወው ባለመብቱ ራሱ ነው። ሰሚው በዘማሪው ፈንታ ሆኖ ሊተውለት አይችልም። አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ያየ የጎዛምን ወይም የማቻከል ገበሬ ይህን ለመረዳት አንድምታ አያሻውም።

የአገሩ ዓለማዊ ዜማም ዕዳውን ፊት ለፊት ነበር የሚያወራርደው። አዝማሪ በጠጅ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ሲዞር ሰሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ አሳምሮ ይመልስለታል፤ ብሩም ከግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፣ የተሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ካላዜሙ ቁምጥና ይይዘናል ብለው እንደሚያምኑም ይነገራል። ያ ዘመን ለዜመኛ ደግ ነበር ለማለት አይደለም። አዝማሪ ይሰማል እንጂ አይከበርም ነበር፤ ልጁን ለአዝማሪ ሊድር የሚፈቅድ ባላባትም አይገኝም። ሆኖም መስማትና መስጠት በአንድ ቤት፣ በአንድ ቅጽበት ይፈጸሙ ነበር። ሳይሰጥ የወጣ ሰው ሳይሰጥ መውጣቱን ያውቃል፤ ባያውቅም አዝማሪው በግጥም ያሳውቀዋል።

ስትሪሚንግ የቆረጠው ይህን መተያየት ነው።

እንደ ስፖቲፋይ ያሉት አገልግሎቶች ከገቢያቸው በግምት ሁለት ሦስተኛውን ለመብት ባለቤቶች ይከፍላሉ። ሲሰሙት ትንሽ አይደለም። አከፋፈሉ ግን ገንዘቡ በአንድ ቋት ከተሰበሰበ በኋላ እያንዳንዱ ዘፈን በተደመጠበት ድርሻ ልክ ነው። ወሩን ሙሉ በገና ብቻ የሰማ ሰው የከፈለው ገንዘብ ተለይቶ ለበገና ደርዳሪው አይደርስም፤ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ አብዛኛው እጅግ ወደ ተደመጡት ጥቂት ዘፋኞች ይሄዳል። ሳውንድክላውድ እ.ኤ.አ. በ2021 የእያንዳንዱ ሰሚ ገንዘብ እሱ ለሰማቸው ሙዚቀኞች የሚከፈልበትን አሠራር ሲጀምር ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይቷል። ስፖቲፋይ ግን በዚያ አልሄደም። እንዲያውም ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከክፍያው ድርሻ እንዳይኖረው አድርጓል።

ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚሰማው በዩቲዩብ ነው፣ ያውም በነጻ። ገንዘቡ የሚመጣው ከማስታወቂያ ሲሆን የማስታወቂያ ዋጋ ደግሞ ተመልካቹ እንዳለበት አገር ይለያያል። አሜሪካ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቢከፍተው የሚያስገኘው፣ ደጀን ወይም ቢቸና ያለ ሰው ከሚያስገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዘፋኙም የሚያሳድረው ቤተሰብ አለውና ፊቱን ወደሚከፍለው ወገን ቢያዞር አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ነው የገንዘቡ ጉዳይ የእምነት ጉዳይ የሚሆነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቤተ ክርስቲያኗ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ወንጌላዊው ማርቆስ በወንጌሉ 12ኛ ምዕራፍ መጨረሻ ስለ አንዲት ድሃ መበለት ይተርካል። ጌታ በመባው ሣጥን አንጻር ተቀምጦ ሰጪዎቹን ይመለከታል፤ ባለጠጎቹ ብዙ ይጥላሉ፤ እሷ ሁለት ናስ ብቻ። ጌታም ከሁሉ አብልጣ የሰጠች እሷ ናት አለ፣ ከጉድለቷ ነውና የሰጠችው። የማስታወቂያው ሒሳብ የዚህ ፍርድ ተቃራኒ ነው። ከሰሚው ልብም ሆነ ከጉድለቱ የሚመዝነው ነገር የለውም። የቢቸናዋ ሴት በመጨረሻ ሜጋባይቷ መዝሙሩን ደጋግማ ብትሰማ፣ ለዘማሪው የምትደርስለት ሳንቲም ኢምንት ነው፤ ከሣጥኑ አንጻር ተቀምጦ የሚያያትም የለም። ችግሩ ከክፍያው ማነስ ይልቅ እዚህ ላይ የከፋ ይመስላል፤ ሰሚው መስጠት ቢፈልግ እንኳ የሚሰጥበት እጅ ተወስዶበታል።

ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ ማላከክ ግን እውነት አይሆንም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ክልከላውን ደፍሮ ባይገባ ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው ብዙ ሥራዎች ባልተቀረጹ ነበር። በካሴት ዘመን ዘፋኙ ሥራውን ለአሳታሚ በአንድ ጊዜ ዋጋ ይሸጥና ከዚያ በኋላ ሕገ ወጥ ቅጂው በየገበያው ይፈላ ነበር። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት አስከበረ። ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ደግሞ ሮያሊቲ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን መንገድ ከፈተ። ሙዚቀኞቹም ሕግ ብቻ ሲጠብቁ አልተቀመጡም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን መተግበሪያ አወጡ፤ ሰሚው በጥቂት ብር ዘፈን የሚገዛበት፣ ገንዘቡም ለባለሥራው የሚደርስበት። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ መተግበሪያው ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ለአገሩ ሙዚቃ ካቀናበራቸው ብዙ ሥራዎች እኩል ይህ ሙከራው ሊታወስለት ይገባል።

ኢንተርኔት ከመረሳት ያወጣቸውም አሉ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ጥያቄ ጋር ይበልጥ ይገናኛል። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት እኒህ ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን ሲያሳትሙ ገቢውን ያዋሉት ለምግባረ ሠናይ ነበር። ለራሳቸው ያልፈለጉትን ገንዘብ ለድሃ መስጠት የቻሉት ግን ሸክላውን የገዛ ሰው ስለነበረ ነው። ሁሉም በነጻ ቀድቶ ቢወስደው ኖሮ ለሚሰጡት ደሃ ምን ይይዙ ነበር?

አከፋፈሉ አሰማምንም ይለውጣል። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሴኮንድ ሲሞላው ነው። በ30 ሴኮንድ በገና ደርዳሪ ቅኝቱን ገና አላሟሟቀም፤ ረጋ ያለ ትዝታም መግቢያውን አልጨረሰም። ሰሚው ከዚያ በፊት እንዳያልፈው የሚሰጋ አቀናባሪ መግቢያውን ያሳጥራል፣ አዝማቹን ያስቀድማል። አንዳንዱ ዜማ በዚህ ያተርፍ ይሆናል። ትዕግሥትን የሚጠይቀው ዜማ ግን ይጎዳል፣ የጎጃም ቅርስ ደግሞ በብዛት ከዚህኛው ወገን ነው።

በቤተ ክርስቲያን ዜማ ወራት አለው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ድጓው ለጾመ ድጓ ቦታውን ይለቃል፤ አገልግሎቱ በመቋሚያ ይሆናል። በሁዳዴ ቡና ቤቱና ታክሲው ሳይቀር ወደ በገናና ወደ መዝሙር ይዞራል። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ጆሮ የሚሰማው ሃምሳ አምስት ቀን የጾመውን ድምፅ ነው፤ ደስታውም ግማሹ ከዚያ ጾም የመጣ ነው። ስልኩ ይህን ወራት አያውቀውም። መዝሙሩ ሲያልቅ ቀጣዩን የሚመርጠው ሰሚው ትናንት ምን እንደነካ ተመልክቶ ነው፤ በመዝሙሩ መሃልም ማስታወቂያ ይገባል። ጆሮውን ማስጾም የሚፈልግ ሰው ቀድሞ አገር ሙሉ ያግዘው ነበር፤ ዛሬ ብቻውን ከስልኩ ጋር መታገል ሆኗል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ፣ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ዜማ ግን ያለ ኢንተርኔትም መንገድ ያውቃል፤ በሚሞሪ ካርድ፣ በፍላሽ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። እንዲህ ያለው መስማት የትም አይቆጠርም። በገዛ አገሩ በየቤቱ የሚደመጥ ዘፋኝ በዩቲዩቡ ላይ አገሩ ጭልጥ ብሎ የጠፋ ያህል ይታያል፤ ፍላሽ የሚጭነው ሱቅ ዋጋውን ሲቀበል ለእሱ የሚደርሰው የለም።

አሁን ነገሩ ወደ ጉባኤ ቤቱ ራሱ ደርሷል። በንግሥ በዓል ማኅሌት የቆመው መሪጌታ ሲያዜም ስልክ ይቀዳዋል፤ ቅጂው በሌላ ሰው ቻናል ይወጣል፤ የማስታወቂያ ገቢ ቢኖር ለቻናሉ ባለቤት ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የዚያ መሪጌታ ድምፅና አዜማም ግን የእሱ ነው፤ አዋጅ 410ም ለከዋኝ መብት ይሰጣል። ይሁንና ይህን ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም መሪጌታ አይጠበቅም። እሱ የያዘው በነጻ እንዲሰጥ የታዘዘውን ነው፣ መያዙም ያስከብረዋል። ሠራተኛ ምግቡ ይገባዋል የሚለው ሁለተኛው ቃል የተነገረው ለቀጂውና ለሰሚው ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከቪዲዮው ሥር የጉባኤ ቤቱን ቁጥር ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የቻናል ገቢ ያለው ሰው ለተማሪዎቹ ቀለብ ሊያካፍል ይችላል። ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ ሀገረ ስብከቱና ሰንበት ትምህርት ቤቶቹ ቻናል ያላቸውን ልጆች ጠርተው ሊመክሩበት የሚችሉት ነው። ድርሻው እኩሌታ ይሁን ሲሶ፣ ለመምህሩ ይሁን ለጉባኤው፣ ያለ ፈቃድ የተቀዳውስ ይነሳ ወይስ ይቆይ፣ እነዚህ ሁሉ ገና ያልተመከረባቸው ናቸው።