እጃችን የት ላይ ይቁም?

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። የሚያውቅ ሰው በዕውቀቱ አይፎክርም፣ ጊዜው ሲደርስ ሠርቶ ያሳያል ለማለት ነው። መልካም አባባል ነው። ይሁንና አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ለመሆኑ ሙያው በልባችን መኖር አለመኖሩን በምን እናውቃለን? ሰው የሚያውቀውን ነገር፣ የሚያውቅ ከሚመስለው ነገር የሚለይበት ሚዛን የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለፈላስፎች ትተነዋል። እኔ ግን ወደ ቤታችን ግድግዳ ቀና ብለን፣ ብዙዎቻችን ባጭሩ «ኤሲ» የምንለውን ኤር ኮንዲሽነር እያየን ብንነጋገርበት ይሻላል ባይ ነኝ።

የአዲስ አበባ አንባቢ «ለኛ ብርዱ መች አነሰንና!» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ አያስቅም። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ሙቀቱ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲደርስ፣ አራስ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ያለበት ቤተሰብ ኤሲውን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም። ሰመራና ጋምቤላም እንደዚሁ ናቸው። ብርቱ ሙቀት ሽማግሌንና ሕፃንን ይገድላልና። መሣሪያው በድንገት ማቀዝቀዙን ሲያቆም እጃችን ቶሎ ወደ ካቻቢቴ ቢሄድ ታዲያ ምን ይገርማል?

እንደኔ እምነት፣ ካቻቢቴውን ከማንሳታችን በፊት ሁለት ነገር ብንጠይቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ባበላሸው መልሼ ላስተካክለው እችላለሁ ወይ? ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

በዚህ ሚዛን ለባለቤቱ የተፈቀደው ሥራ ጥቂት አይደለም። የሪሞቱ ባትሪ አልቆ እንደሆነ፣ መሣሪያው ከማቀዝቀዝ ወደ ማሞቅ ተዛውሮ እንደሆነ፣ ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነ ማየት ያባት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ኤሲው ሥራ ለመጀመር ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ አልተበላሸም፤ ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ ሲባል እንዲዘገይ ተደርጎ የተሠራ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ አውጥቶ አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ መመለስ ነው። ከውጭ የተሰቀለውን ክፍል ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ከከለለው ገለል ማድረግ ነው። ውሃው ወደ ቤት የሚንጠባጠብ ከሆነ የማፍሰሻው ቱቦ ጫፍ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ውስጡ በረዶ ከሠራ አጥፍቶ እስኪቀልጥ መጠበቅ እንጂ በቢላ መፈቅፈቅ አይገባም። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይታይ ባለሙያ መጥራት ለብዙዎች ትህትና ይመስላል። ለእኔ ግን ስንፍና ነው፤ አቧራውን ሌላ ሰው እንዲያራግፍልን እንከፍላለንና።

ወሰኑ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። አንድ ጊዜ የመለስነው ብሬከር እንደገና ከወረደ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ በረዶው ቀልጦ ማጣሪያው ከታጠበ በኋላ ተመልሶ ከጋገረ እጅን መሰብሰብ ይገባል። የውጭው ክፍል ክዳን ሲከፈት የሚገኘው ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ «አጥፍቼዋለሁ» ያለውን ሰው ሊመታው ይችላል። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝም አንዴ ካመለጠ አይመለስም። በአሮጌ መሣሪያዎች ያለው አር-22 የኦዞንን ሽፋን ያሳሳል፤ በ100 ዓመት ሲሰላም አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,700 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። በአዳዲሶቹ ውስጥ ያለው አር-32 ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ነው። «ቤቱ የኔ፣ ዕቃው የኔ፣ ድፍረቱም የኔ» የሚል ሰው ይኖራል። ዕቃው የእርሱ ነው፤ አየሩ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ሽቦውን ሳያውቅ የምትነካው ልጅም በድፍረቱ አልተስማማችም።

ታዲያ ባለሙያ ስንጠራ ኃላፊነታችን ያበቃል? አያበቃም። አንዲት የማውቃቸው የድሬዳዋ እናት ለሦስት ዓመት በየዓመቱ «ጋዙ አልቋል» እየተባሉ ሲያስሞሉ ኖረዋል። ጋዝ ግን እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ሙቀትን ከቤት ወደ ደጅ ያመላልሳል እንጂ። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። በአራተኛው ዓመት የመጣው ወጣት «እማማ፣ ምክንያቱን ገና አላወቅሁም፤ ልየው» አላቸው። የቱቦውን መጋጠሚያዎች የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አንዱ ጋ አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። ጋዙ ሦስት ዓመት ሙሉ የወጣው በዚያች ቀዳዳ ነበር። ከእርሱ በፊት የመጡት ሁሉ «አውቃለሁ» ብለው የጀመሩ ናቸው።

ፕላቶ በጻፈው የመከላከያ ንግግር ላይ ሶቅራጥስ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎችን ቀርቦ እንደመረመረ ይናገራል። እርሱ የማያውቀውን ብዙ መልካም ነገር በእርግጥ ያውቃሉ። ነገር ግን ሙያቸውን ስላወቁ ብቻ ሌላውን ታላቅ ነገር ሁሉ ያወቁ ይመስላቸው ነበር። ወቀሳው ለባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ለአስጠሪዎቹም ይደርሰናል። በአገራችን የእጅ ሙያ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ መልኩን ቀይሮ አለ። «ለአሥር ደቂቃ ሥራ ይህ ሁሉ ብር?» እንላለን። የአሥሩን ደቂቃ እንጂ ቀዳዳውን በአሥር ደቂቃ ለማግኘት የፈጀበትን ዓመታት አንቆጥርለትም። እንዲህ የምንከራከር ከሆነ «አላውቅም፤ ልየው» የሚለውን ሰው እያባረርን፣ «አልቋል፤ ልሙላው» የሚለውን እያበዛን ነው።

ስለዚህ የምንችለውን እንሥራ፤ የማንችለው ጋ ስንደርስ እንጥራ፤ የጠራነውንም «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ገና አላወቅሁም» ቢሆን አንናደድ፤ ወንበር አቅርበን፣ ውሃ ሰጥተን እንዲፈልግ ጊዜ እንስጠው።