አውሬዎቹ ምን አጠፉ?

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል የአገሬ ሰው። ይበል እንጂ አፉን ዘግቶ አልተቀመጠም። ንጉሥ ካልተከሰሰ፣ አንበሳን ቢከሱት ማን ይከለክላል? ጅብ ቢወቀስ፣ ቀበሮ ብትታማ የማን ክብር ይነካል? የመጀመሪያው የአማርኛ ትያትር ወደ መድረክ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ የተደፈነችውም በእሱው ሰበብ ነው።

ትያትሩ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። ሰውየው በልጅነታቸው ዐድዋን አይተዋል። ከዚያ ሩሲያ ተሻግረው፣ እዚያው አድገው፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ያገኟት አዲስ አበባ «ትያትር» ስትል ዘፈንና ጭፈራ ማለቷ ነበር። ይኼ አላረካቸውም። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎችን በአማርኛ አናገሩ። በዓመቱ አጥኚዎች ባይስማሙም ብዙዎቹ 1913 ዓ.ም. ገደማ ያደርጉታል። የታየው በቴራስ ሆቴል፣ በመኳንንትና በውጭ አገር ሰዎች ፊት ነበር። አውሬዎቹ ታዲያ የጫካ ወሬ አላወሩም፤ ያወሩት ስለ ጉቦኛና ስለ ኋላ ቀር አስተዳደር ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። መጽሐፉም ተሰበሰበ። ትያትር የሚባል ነገር እስከ 1923ቱ የዘውድ በዓል ድረስ ከመድረክ ጠፋ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይኼን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ከተማሪዎቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም ነበር፤ «በአውሬ አፍ መናገር ፍርሃት አይደለም ወይ? እውነት ከሆነ ለምን በስሙ አይጠራም?» የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

ጭምብሉ ለደራሲው ጋሻ እንዲሆን ታስቦ ከነበረ፣ ጋሻው አልሠራም፤ ድርሰቱ ታግዷልና። እኔ እንደሚመስለኝ ጭምብሉ የተዘጋጀው ለሰሚው ነው። ነቢዩ ናታን ዳዊት ዘንድ ሲገባ በኦርዮ ደም አልጀመረም። ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በጉ ነበር የነገረው። ንጉሡ በግፉ ተቆጥቶ በባለጠጋው ላይ ፈረደ፤ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው ኋላ ነው። ናታን መጨረሻ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ተረት ግን ያንንም ይተወዋል። ባለሥልጣኑ ከሰው ጋር ስቆ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ማንም ሳያየው ራሱን እንዲያርም ፋታ ይሰጠዋል። በአደባባይ በስሙ የተጠራ ሰው ክብሩን ለማዳን ሲል ለጥፋቱ ጥብቅና ይቆማል። እንግዲህ የአውሬ አፍ ከፍርሃት ይልቅ ርኅራኄ ይመስለኛል። ተረቱን ማገድ ደግሞ «አንበሳው እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም ነው።

ለንግሥቲቱም ልሟገትላቸው። ሰገሌ ላይ ደም ከፈሰሰ ገና ጥቂት ዓመታት ነበር። ሥልጣኑም በእሳቸውና በአልጋ ወራሹ መካከል የተከፈለ ነበር። በዚህ ላይ ባዕድ በተቀመጠበት አዳራሽ የቤት ገመና ሲወጣ ማን ደስ ይለዋል? ይኼ ስሜት የነገሥታት ብቻ አይደለም። የሾሎም አሽ «የበቀል አምላክ» የተባለው ድርሰት ኒውዮርክ ውስጥ በአይሁዶቹ ቋንቋ በዪዲሽ ለዓመታት ሲታይ ፖሊስ አልነካውም። እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝኛ ብሮድዌይ ላይ ሲወጣ ግን አዘጋጁና ተዋንያኑ በብልግና ተከሰሱ፤ ተፈረደባቸውም። ፍርዱ በኋላ በይግባኝ ተሻረ። አቤቱታ ያቀረበው ማን መሰላችሁ? የራሳቸው ወገን የሆነ አንድ ራቢ ነው። ድርሰቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው።

ሆኖም ገመና ስንል የማን ገመና ነው? ለጅቡ ገመና የሆነው ነገር ለበጓ በደል ነው። እኔ ያለሁበት ልደታ ማርያም ፍርድ ቤት ያለበት ሰፈር ስለሆነ፣ ፋይል ታቅፎ ሻይ የሚጠጣ ሰው አይታጣም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «አባቴ፣ ጉዳይዎ ምን ደረሰ?» ብላቸው «እንግዲህ ልጄ፣ አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ነው» አሉኝ። ስም አልጠሩም፣ ቀን አልቆጠሩም። እኔ ግን የነገሩን ሆድ ዕቃ አየሁት። እንዲህ ያለውን ንግግር ብንከለክል የሚተርፋቸው ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ ዱላ።

የተክለ ሐዋርያት ዕጣ ግን ይገርመኛል። በመድረክ ዝም የተባሉት ሰው የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት የ1923ቱን አረቀቁ። በዚያም ሕግ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩም የማይደፈር ተባለ። «ንጉሥ አይከሰስ» ከተረትነት ወደ አንቀጽ ተሻገረ ማለት ነው። አንበሳን ችሎት ያቆመው ብዕር፣ ንጉሥን ችሎት ማቆም አልቻለም።

በዚህ ደራሲውን አልወቅሳቸውም፤ ዘመኑ ያን ያህል ነበር የሚፈቅደው። ለኛ የሚተርፈን ጥያቄ ሌላ ነው። ዛሬ በመሥሪያ ቤት አለቃ፣ በቤት አባወራ፣ በዕድር ዳኛ ሆነን የተቀመጥን ሁሉ አንድ ቀን ከፊታችን ተረት ይተረታል። ያን ጊዜ ተራቹን ከመገሠጻችን በፊት፣ ከአውሬዎቹ የትኛው እንደሆንን ብንጠይቅ ምን ይለናል?