ለማዳና ምርኮኛ፤ ስለ ድመትና ስለ ጥርኝ

ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ ይላል ተረት። ልብስ ጠባይን አይለውጥም ማለት ነው፤ ቆብ የደፋችው ድመት አይጥ ባየች ጊዜ ቆቧን ትጥላለች። ዳሩ ግን ይህን ተረት የሚገለብጥ አንድ የድመት ዘር በዓለም ታውቋል፤ መልኩ የዱር አውሬ፥ ጠባዩ የቤት ልጅ ነው። ዘሩም በፈረንጆች ዘንድ የሐበሻ ድመት ተብሎ ስለሚጠራ ነገሩን መመርመር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተገባ ነው። ምርመራው ከድመት ይጀምርና ወደ ከበደ ጥያቄ ያደርሳል፤ ይኸውም ሰው አንድን አውሬ የራሱ አደረገው የሚባለው መቼ ነው የሚል ነው።

ይህን ድመት ያየ ሰው አሁን ከጫካ የወጣ ይመስለዋል። እንደ ሌላው ድመት በገላው ላይ ዥንጕርጕር የለበትም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጠጕር ከሥሩ እስከ ጫፉ ፈዛዛና ጥቁር ቀለም እየተፈራረቀበት ስለ ሆነ ገላው ሁሉ የጥንቸል ጠጕር ይመስላል። ስሙን ያገኘው የእንግሊዝ ጦር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. መቅደላ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም ስለ ድመት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዙላ የተባለች ድመት ሥዕል ታተመ፤ ከጦርነቱም በኋላ ከሐበሻ የመጣች ናት ተባለ። ዙላ የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው።

የኋላ ሊቃውንት ግን ሌላ ነገር አገኙ። በሆላንድ አገር በላይደን ቤተ መዘክር ውስጥ ከመቅደላ ጦርነት ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ የገባ፥ ይህንኑ መልክ የያዘ የድመት ገላ አለ፤ የተጻፈበትም አገሩ ህንድ መሆኑን ይናገራል። የዘር ምርመራም የዚህን ድመት ምንጭ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይመልሰዋል። ከመቅደላ ብዙ ነገር የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ ተወሰደ፤ ይህ ድመት ግን የኢትዮጵያ ሳይሆን በኢትዮጵያ ስም ቀረ።

የድመት ሁሉ አባት ግን ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። በ2007 የታተመ የዘር ምርመራ የዓለም የቤት ድመት ሁሉ በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ከሚኖረው የዱር ድመት እንደ ወረደ አስረድቷል፤ የዚህም የዱር ድመት ወገን በኢትዮጵያ በረሓና ቍጥቋጦ እስከ ዛሬ ይኖራል። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል የሆነው መቃብር ተገኝቶ በሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት ታይቷል። የመልመዱ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ማሰብ አያስቸግርም። ሰው እህሉን በጎተራ አከማቸ፤ ወደ እህሉ አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትሎ ድመት መጣ። ያሰረው የለም፤ ወጥመድም አልተጠመደለትም። ሰውም ጥቅሙን አይቶ ዝም አለ፤ ያ ዝምታ እንደ ውል ሆነ። ዛሬም ቢሆን የቤት ድመት በር ተከፍቶላት ትወጣለች፤ ማታም ተመልሳ ምድጃ ሥር ትተኛለች።

የዛሬ ድመት አርቢዎች ይህ አልበቃቸውም። በ1986 በአሜሪካ አነርን ከቤት ድመት ጋራ አዳቅለው ሳቫና የተባለውን ዘር አስገኙ። የአውስትራልያ መንግሥት ድመቱ አምልጦ የአገሩን አራዊት እንዳይፈጅ ፈርቶ በ2008 እንዳይገባ ከለከለ። የዚህ ድመት ፈላጊ የሚወደው የዱርን ሥዕል ነው እንጂ ዱርን አይደለም፤ አነሩ በእውነት እንደ አነር የኖረበት ዕለት ጌታው ይጠላዋል።

ከዚህ የመልክ ጨዋታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ ወደ ቡናው አገር ሲመለሱ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ፥ ከሚዛንም ወደ ቴፒ በሚወስደው አገር ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የከፋ ጫካ በ2010፥ የሸካ ጫካ በ2012 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። በዚህ ጫካ ጥርኝ ይኖራል። ጥርኝ ዥንጕርጕር ገላና ጥቁር የዓይን ዙሪያ ስላለው ብዙ ሰው ከድመት ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ወገኑ ሌላ ነው። ሰው የሚፈልገው ከጅራቱ በታች ካለው ከረጢት የሚወጣውን ዝባድ ነው።

በከፋ፥ በጅማ፥ በኢሉባቦርና በወለጋ ጥርኝን መጠበቅ የቈየ ሥራ ነው። ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን ካመጣችው ሽቱ አንዱ ዝባድ ነበረ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ መጽሐፈ ነገሥት ግን ሽቱ ብሎ ያልፋል እንጂ ዝባድን በስም አይጠራም። የከፋ መንግሥት በ1897 ለዐፄ ምኒልክ ጦር እስኪገዛ ድረስ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ባሪያ በአንድ መንገድ ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር። ባሪያ መሸጥ በ1942 በሕግ ተሻረ፤ ዝባዱ ግን በቀንድ ታሽጎ ወደ ፓሪስ ሽቱ ሠሪዎች መሄዱን ቀጠለ። ሰውንና አውሬን ማስተካከል አይገባም፤ ቢሆንም ያ መንገድ ምን ምን እንደ ተሸከመ መዘንጋት አይገባም።

አጠባበቁ እንዲህ ነው። ወንዱ ጥርኝ በወጥመድ ከጫካ ይያዛል፤ እንደ ልቡ መዞር በማይችልበት፥ ከእንጨት በታሠረ ጠባብ ማኖሪያም ይገባል። ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ተብሎ ስለሚታመን እሳት ይነድበታል፤ ቤቱ ጭስ የሞላበትና ጨለማ ነው። ገንፎ፥ ሥጋ፥ ዕንቍላልና ቅቤ ይሰጠዋል። በዘጠኝ ወይም በዐሥራ ሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሰዎች ጅራቱንና የኋላ እግሩን ይይዙና ከረጢቱን ጨምቀው ዝባዱን በማንኪያ ይፍቁታል። ከተያዙት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። የሚያዘው ወንዱ ብቻ ስለ ሆነ በዚያ ቤት ልጅ አይወለድም፤ የሞተው ከጫካ በሚመጣ ሌላ ይተካል። ስንት መቶ ዓመት አለፈ! ድመት በፈቃዷ ከጎተራ ሥር ገብታ ለማዳ ሆነች፤ ጥርኝ ግን ይህን ያህል ዘመን ተጠብቆ አንድ ትውልድ እንኳ አልለመደም፤ እያንዳንዱ ምርኮውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ገበሬው መልስ የለውም አይባልም። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ዋጋውንም የሚቈርጠው ሌላ ነው፤ ዝባድ ከመከር እስከ መከር ባለው ክፉ ወራት ጨውና ልብስ ይገዛል። ለልጁ ያላበላውን ሥጋና ቅቤ ለጥርኙ ያበላል የሚል ተከራካሪም አለ። ነገር ግን ይህ ማብላት ለላም ከሚሰጠው ሣር ይለያል፤ የላሟ በረት ጧት ይከፈታል፥ የጥርኙ አይከፈትም።

ጥፋቱንም ሁሉ በገበሬው ላይ መጫን ፍርድ ማጕደል ነው። ሽቱውን የተቀቡት በሩቅ ከተማ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ጭሱ ግን በእነርሱ ዓይን አልገባም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1926 ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠውን ነገር ፍጥረት ገልጦ አሳየ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽታውን ያለ ጥርኝ መሥራት ከታወቀ በኋላም ንግዱ ብዙ ዓመት ቈየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበሮች አያያዙን ባወገዙ ጊዜ ሽቱ ሠሪዎች ወደ ሠራሹ ዘወር አሉ፤ የቀድሞ ገበያቸው የፈጠረውን ገበሬ ግን ምን ይብላ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ጥርኝ በዱር ሲሄድ ዝባዱን በግንድና በጕቶ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ እየፋቁ መሰብሰብ ይሻላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የሚገኘው ያንሳል፥ ድካሙ ይበዛል፤ አውሬው ግን በመንገዱ ይሄዳል።

በመንገዱ ሲሄድም ሥራ አይፈታም። ሌሊት የቀላውን የቡና እሸት ይበላል፤ ፍሬው ሳይጐዳ ከኵሱ ጋራ ይወጣል። ኵሱን በአንድ ስፍራ መጣል ልማዱ ስለ ሆነ፥ ዝናብ በመጣ ጊዜ በዚያ ቦታ ማንም ያልዘራው የቡና ችግኝ ይታያል። ገበሬውም ያን ችግኝ ከነአፈሩ ነቅሎ ወደ ጓሮው ያዛውረዋል።